ልክ

በሌሽኖ ዳርቻ፣ ከአየር ሜዳው ማዶ፣
ጋራዣችን ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤
ከወደቀ መኪና ተፈትቶ የመጣ፣
በአሉሚኒየም ቋሚ ታስሮ የዋለ።
ከፊቱ ሦስት ስክሪን፣ ከእግሩ ሥር ፔዳል፣
ከጭኑ መሐል ጥቁር መሪ ዱላ፤
ባሌ ሉዶሚር እዚያ ላይ ይበራል፣
መሬት ሳይለቅ፣ ከእራት በኋላ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ሞተር በሮ፣
ነፋስን እንደ ደረጃ እየረገጠ፣
ባለፈው ጥቅምት ሐኪሙ ልቡን ሰምቶ
ፈቃዱን አጥፎ መሳቢያ አስቀመጠ።
«ጌታዬ፣ ከእንግዲህ ልክዎን ይወቁ።»
ልኩን ሊያውቅ መጣ፤
ሳይጠይቀኝ ሜትሬን
ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ አወጣ።

ነገሩ ይኸውላችሁ፦
አሥራ ሁለት ቁልፍ ያላት ትንሽ ሰሌዳ፣
ጎማ የምታወርድ፣ የክንፍ ፍሬን የምትከፍት፣
የጎታቹን ገመድ የምትፈታ፣
ማረፊያ አጣች።
ጉልበቱ ላይ ሲያኖራት፣ ፔዳል ሲረግጥ፣
ተንሸራታ ወደቀች።
እሱ ጎንበስ ብሎ በጨለማ ሲዳብስ፣
አውሮፕላኑ ድንች እርሻ ውስጥ በአፍንጫው ተተከለ።
«ማቀፊያ እሠራላታለሁ» አለ።

ቅዳሜን ሙሉ ላሜራ ሞርሳ ውስጥ አስሮ፣
በሰጌቶ ቆርጦ፣ በመዶሻ አጥፎ፣
በትራፓኖ በስቶ፣ በሊማ ሞርዶ፣
ማታ ጠራኝ፤ ቅንድቡ ላይ የብረት ብናኝ አርፎ።
ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ዘረጋ።
ጉልበቱ ከላሜራው ጠርዝ ተላጋ።
አንድ ቃል ተናገረ፤ እኔ የማልደግመው፣
እሱ እሑድ ጠዋት ለቄሱ የሚናዘዘው።

ሁለተኛው አጠረ። ሦስተኛው ተወላገደ።
አራተኛውን ቲሜክ፣ የጎረቤት ልጅ፣
ፕላስቲክ በሚያትም ማሽኑ ሠርቶ አመጣ፤
ያምር ነበር፣ እንደ ከረሜላ ቀይ፤
በሁለተኛው ማረፊያ ቋ አለና
አንገቱ ወጣ።

እኔ አርባ ዓመት ሱሪ ሰፍቻለሁ።
ቆሞ የተለካ ሰውና ተቀምጦ የተለካ ሰው
ሁለት ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ።
እሱ ሲለካ የከረመው ወንበሩን ነበር፤
ቧንቧውን፣ ቋሚውን፣ የብሎኑን ውፍረት።
እጁ የት መሄድ እንደምትወድ
ማን ጠየቃት?

«ተቀመጥ» አልኩት። «ብረቱን ተወው።
ዓይንህን ጨፍን። ብረር።»
ጨፈነ።
ግራ እጁ ተነሣች፤ ቀስ ብላ፣ በራሷ ፈቃድ፣
ከጭኑ አንድ ስንዝር ከፍ፣ ወደ ፊት ፈቀቅ ብላ፣
ባዶ አየር ላይ
የሠላሳ አንድ ዓመት ቦታዋን ያዘች።
የጫማ ካርቶን ከመዳፉ ሥር አስገብቼ
በልብስ ጠመኔ ዙሪያዋን ሣልኩ።
ጣቶቹ ትንሽ ይንቀጠቀጡ ነበር።
አላነሣሁበትም።
ልኩ ላይ ጨመርኩለት፤
ለስፌት እንደሚተው ትርፍ፣ ግማሽ ጣት።

ካርቶኑን ላሜራው ላይ ዘረጋ።
ሺህ ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ ቢባል፣
እሱ አንዴ ለክቶ ሁለቴ ቆረጠ፤
አንዷ ቀዳዳ ተሳስታ ተበሳች፣
ያለ ብሎን፣ ያለ ዳዶ፣
እስከ ዛሬ አለች፣ አፏን ከፍታ፣ ባዶ።
ከሥሩ ከአሮጌ ቦቴ የተቆረጠ ጎማ፤
የብስክሌቴ መሪ ማሰሪያ ቋሚውን ነከሰ፤
ሮንዴላ። ዳዶ። ጠበቀ።
በቡጢ መታው። ዝም።

ሰኞ ማታ እራቱ ቀዘቀዘ።
ልጠራው ብሄድ በሩ ገርበብ ብሏል።
ስክሪኑ ላይ የኛው ሜዳ ነው፣ የኛው ቀይ ጣራ፣
የደመና ጥላ በእርሻው ላይ ይሳባል።
ግራ እጁ ሳያያት ሄደች፣
ቁልፏን አገኘች።
ገመዱ ተፈታ፤
ከዚያ የነፋስ ድምፅ ብቻ።

ሳላንኳኳ ተመለስኩ፤
ሾርባውን እንደገና ጣድኩት።
ሜትሬን ግን
እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።